ከማን በኋላ ነሽ?

«አትጠገብ! ይሄን ጎረምሳ አናት ላይ የሰቀለው ማን ነው?»

አቶ ዘነበ ስልክ ሲደውል ሰላምታ አያባክንም። የ«ሦስት ወንዝ» ቡና ገበሬዎች ማህበር ሥራ አስኪያጅ ከሆነ ወዲህ ሰላምታን ለስብሰባ መክፈቻ ብቻ ቆጥቦ ይዞታል። አትጠገብ ዲላ በሚገኘው የእናቷ ቤት በረንዳ ላይ ቆማ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። አረፋውን ጽጌረዳው ሥር ተፋችና ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀችው።

«የቱን ጎረምሳ?»

«ሙሉዓለምን ነዋ! ዌብሳይቱን ስከፍተው መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው፤ ጥርሱን ገልፍጦ! ባለፈው ወር አባል የሆነ ሰውዬ! ጋሽ ገሪማ የት ናቸው? ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ ከአባላቱ ሁሉ ግርጌ! እሳቸው መሬታቸውን ባይሰጡን ማጠቢያ ጣቢያው የት ሊቆም ነበር? እኔ ሳሎን ውስጥ?»

«እኔ እኮ መጀመሪያ ያስገባሁት እሳቸውን ነው። ለክብራቸው ብዬ ከሁሉም በፊት…»

«መጀመሪያ ያስገባሽው ሰው መጨረሻ ይወጣል? ኮምፒውተር ነው ወይስ ጆንያ?»

አቶ ዘነበ ስለ ኮምፒውተር ትክክለኛ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። ነገሩ በእርግጥም ጆንያ ነው። ዌብሳይቱ ከተወለደበት አገር ይዞት የመጣው አመል አዲስ የገባውን ከላይ ማስቀመጥ ነው። እሷ ደግሞ ባደገችበት ደንብ ትልቁን አስቀድማ፣ ጋሽ ገሪማን አንደኛ ብላ፣ ሌሎቹን በመዝገቡ ተራ አስከትላ፣ ስልሳ ሦስቱን አባላት ከነፎቷቸው አንድ በአንድ ስታስገባ ከረመች። አንድ ሰው በገባ ቁጥር አዛውንቱን አንድ ደረጃ ወደ ታች ገፋቸው። ስልሳ ሁለት ጊዜ ተገፍተው ሰባተኛው ገጽ ላይ አረፉ።

«ሽማግሌዎቹ አዩት እንዴ?»

«ማን ያላየ አለ? እሑድ ከቤተክርስቲያን ሲወጡ አንዱ ስልኩን ከፈተ፤ ሰው እንደ ጉድ ከበበው። ስሚኝ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ለዳኝነት ሶንጎ ይቀመጣሉ፤ ኢዲዶ ቀበሌ፣ ከማጠቢያ ጣቢያው በላይ ያለው ዛፍ ሥር። እስከዚያ ካልተስተካከለ ከነገ ጀምሮ እሸታቸውን ለነጋዴው ለከማሉዲን ነው የሚያስረክቡት። መኪናውን አቁሞ እየጠበቀ ነው። ጋሽ ገሪማ ከሄዱ አርባ ሰው ይከተላቸዋል። በኅዳር! ቡናው ቀልቶ ቅርንጫፉን ሊሰብር በደረሰበት! ማጠቢያችን ውሃ ሊያጥብ ነው?»

«አስተካክለዋለሁ።»

«ካላስተካከልሽማ…» አለና አቶ ዘነበ ዛቻውን ሳይጨርስ ዘጋው። ዛቻም ቢሆን አያባክንም።

አትጠገብን ያመማት ግን ዛቻው አልነበረም። ጋሽ ገሪማ ለጉዳይ ዲላ በወረዱ ቁጥር ቢሮዋን ሳይረግጡ አይመለሱም። ወንበር ስትስብላቸው አይቀመጡም፤ በሩ ላይ እንደቆሙ «ልጄ፣ ምሳ በላሽ?» ብለው ይጠይቋታል። በላሁ ካለች ይሄዳሉ፣ አልበላሁም ካለች ይቆጣሉ። ይህን ጥያቄ ትጠይቃት የነበረችው ሌላዋ ሰው፣ እናቷ፣ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗል።

ዌብሳይቱ እጇ ላይ የወደቀው በሐምሌ ነው። አንድ የባህር ማዶ ገዢ «ቡናውን የሚያመርቱትን ሰዎች ፊት ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ ጻፈ። አቶ ዘነበም ከአዲስ አበባ ባለሙያ ቀጠረ። ባለሙያው ውጭ አገር ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ቅርጽ ገጠመ፣ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጻፈ፣ ከዚያ ስልኩን አጠፋ። የማህበሩ ቦርድም ተሰብስቦ «አትጠገብ ኮምፒውተር ትችላለች» ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ትችላለች የተባለው ደብዳቤ ስለምትጽፍ ነው። ብዕር ስለምትይዝ ቀዶ ጥገና ታድርግ እንደማለት ነበር፤ ቢሆንም ቃለ ጉባኤ ተይዞበታል።

ስለዚህ ተማረች። አስተማሪዋ ዩቲዩብ ላይ ያለ ህንዳዊ ነው፤ ፂሙን በደንብ የሚከረክም፣ ከኋላው ሁልጊዜ አንድ የፕላስቲክ አበባ የማይጠፋው። እያንዳንዱን ትምህርት «ሰላም ጓደኞቼ» ብሎ ይጀምራል። አትጠገብ መጀመሪያ ሰሞን ዝም ብላ ታየው ነበር። በነሐሴ «ሰላም» ማለት ጀመረች። በመስከረም «ደህና ነህ ወይ?» ጨመረችበት። ባለ ሦስት ክፍሉ ቤት ውስጥ ድምፁ የሚሰማ ሌላ ሰው አልነበረምና፣ ማንም አልሳቀባትም።

ታላቅ እህቷ ከሀዋሳ በሳምንት አንዴ ትደውላለች።

«ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ዛሬ የገጹን ቀለም ቀየርኩት። አረንጓዴ አደረግሁት።»

«ጎበዝ። ሰውስ?»

«ምን ሰው?»

«የሚያገባሽ ሰው ነዋ! ወይስ እሱንም አረንጓዴ አደረግሽው?»

ዌብሳይቱ ጎብኚ የሚቆጥርበት ትንሽ ጥግ አለው። ሁለት ወር ሙሉ በየማለዳው ስትከፍተው «የዛሬ ጎብኚ፦ 1» ይላታል። አንዷ ጎብኚ ራሷ ነበረች። አንድ ቀን «2» ብሎ ልቧን ሰቀለው፤ በኋላ ትዝ ሲላት ጠዋት በስልኳም ከፍታው ነበር።

ሌላም ሚስጥር አላት። ቅርጹ ሲገዛ አብራ የመጣች አንዲት ፈረንጅ አለች፤ ለናሙና የተቀመጠች፣ ሊንዳ የምትባል፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የደፋች፣ ጥርሷ የማይከደን። አስተማሪው በመጀመሪያው ቀን «ጓደኞቼ፣ የናሙና ሰዎችን ሰርዙ» ብሎ ነበር። አትጠገብ አልሰረዘቻትም። አባላቱ ገና ሳይገቡ «የእኛ ሰዎች» በሚለው ገጽ ላይ የነበረችው ሊንዳ ብቻ ናት። ባዶ ገጽ ከምታይ የማታውቃት ሴት ብትስቅላት ይሻላት ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ቢሮ ገብታ ከሁለት ሰዓት በፊት መፍትሔውን አገኘችው። ጎብኚ በማያየው የዌብሳይቱ የጀርባ ገጽ ውስጥ ሦስት በር አልፋ «ነባር ይቅደም» የሚል ምርጫ ነበር። ነካችው። ሊንዳ ብቅ አለች፤ ከሁሉም ነባሯ እሷ ናታ። አትጠገብ የሊንዳን መግቢያ ቀን ወደ ዛሬ ለወጠችውና ወደ መጨረሻ ሸኘቻት። ጋሽ ገሪማ ከነባርኔጣቸው አናት ላይ ወጡ። ለአቶ ዘነበ ደውላ አበሰረችው፣ ሻይ አዘዘች፣ ከሻይዋ ሦስት ጊዜ ፉት አለች። ስልኩ ጮኸ።

«አሁን ደግሞ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ? ጋሽ ገሪማ አንደኛ አይደሉም?»

«ናቸው። ከእሳቸው ቀጥሎ ማን አለ? መዝጋቢው! ማህበሩ ሲቋቋም እስክሪብቶ የያዘው እሱ ስለነበር ራሱን ሁለተኛ ብሎ የጻፈው! የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው! የጋሽ ገሪማ እኩዮች ደግሞ አራተኛው ገጽ፣ አምስተኛው ገጽ ላይ ተበትነዋል። ሰውዬው ምን አሉ መሰለሽ? ‹ብቻዬን ልጆች መሃል ሰቅላችሁኝ እዚያ ላይ ማንን ላዋራ ነው?› አሉ።»

አትጠገብ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ይህን አቤቱታ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

«ሶንጎ ላይ አቀማመጡ በዕድሜ ነው» አለ አቶ ዘነበ። «ዌብሳይቱም በዕድሜ ይሁን።»

«በዕድሜ የሚል ምርጫ የለውም።»

«ምን ምርጫ አለው?»

«አዲስ ይቅደም፣ ነባር ይቅደም፣ በፊደል ተራ፣ ከዚያ… በዘፈቀደ።»

«በዘፈቀደማ እኛም እናውቅበታለን፤ ለእሱ ፈረንጅ ምን አስፈለገ!»

አስተማሪዋን ከፈተችው። «ሰላም ጓደኞቼ» አለ። «ሰላም፣ ዛሬ ጊዜ የለኝም» አለችው። ሠላሳ አራተኛው ትምህርት ላይ የምትፈልገውን አገኘች። «የምትፈልጉት ሳጥን ከሌለ አትዘኑ፤ ሳጥን ፍጠሩ» ይላል። እንዳላት አደረገች፤ ከእያንዳንዱ ሰው ስም ሥር «ዕድሜ» የሚል ሳጥን ሠራች፣ ገጹም በእሱ እንዲደረደር አዘዘችው። ከዚያ የልደት ቀን ልትገለብጥ የአባላቱን መዝገብ ዘረጋች።

መዝገቡ ጉድ ነበር። ከስልሳ ሦስቱ አርባ አንዱ የተወለዱት መስከረም አንድ ቀን ነው። ዓመቱን የሞላው የቀበሌ ጸሐፊ እንደ ስሜቱ ሰጥቷል፤ ለወደደው ቀንሶ፣ ላልወደደው ጨምሮ። በመዝገቡ መሠረት ጋሽ ገሪማ ሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ የበኩር ልጃቸውን የወለዱትም በአራት ዓመታቸው። በዚህ ከተደረደረ ጋሽ ገሪማ ከገዛ አማቻቸው በታች ሊቀመጡ ነው።

ሳጥኑን ሰርዛ ሌላ ሠራች። ስሙንም «ተራ» አለችው። በውስጡ የሚገባው ቁጥር ግን ከወረቀት ሊመጣ አይችልም። ከሰው ነው የሚመጣው፤ ሰው ያለው ደግሞ ኢዲዶ ነው። ላፕቶፑን በሻሽ ጠቅልላ ወደ መናኸሪያ ሮጠች።

ይርጋጨፌ ከሚኒባሱ ስትወርድ በሞተር ሳይክል የጠበቃት ሙሉዓለም ነበር፤ ያው አናት ላይ የተሰቀለው ጎረምሳ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፤ የራስ ቁሩን ከነመስታወቱ ደፍቶ ፊቱን ሸሽጓል።

«አጠፋሽኝ፣ እህቴ» አላት። «እሑድ ‹ሊቀመንበሩ መጣ› ብለው ወንበር ለቀቁልኝ። ሽማግሌዎቹ! ቆመው! አማቴ ራሱ ‹ጌታዬ› አለኝ። ሚስቴ ሦስት ቀን ሙሉ ‹ሊቀመንበር፣ እንጨት ፍለጥ› እያለችኝ ነው።»

«ይቅርታ። ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑን አላውቅም። እኔ እዚያ ፎቶ ላይ ለምን እንደዚያ እንደሳቅሁ ራሱ አላውቅም።»

መንገዱ ወደ ላይ ሲጠመዘዝ፣ ከቡናው ሥርም ከእንሰቱም መሃል ቅርጫት የያዘ ሰው ብቅ እያለ «ሊቀመንበር!» ይለው ነበር። ሙሉዓለም ለሁሉም ጥሩምባ ነፋ። አትጠገብ ከኋላው ሆና ትሰማለች። ይህን መንገድ በዓመት ሁለቴ፣ ሦስቴ ትወጣዋለች፤ በስሟ የጠራት ሰው ግን የለም። እሷ የስልሳ ሦስቱንም ስም ከነአያታቸው ታውቃለች።

ማጠቢያ ጣቢያው በሥራ ላይ ነበር። ከማድረቂያ አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ሴቶች ቆመው ገና ያልደረቀውን ቡና በጣታቸው እየበተኑ የተሰባበረውንና የነቀዘውን ይለቅማሉ። ከአንደኛው አልጋ ጫፍ በርጩማ ላይ የተቀመጡት እማማ ሙሉእመቤት ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመት ይሆናቸዋል፤ በሟች ባላቸው ድርሻ የማህበሩ አባል ናቸው። ልጆቻቸው አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሞያሌ ናቸው። ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ከማውራት እዚህ ከቡና ጋር ማውራት ይሻላል ብለው በየቀኑ ይመጣሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

«ና፣ ተቀመጥ አንቺ ልጅ» አሏት። «ኮምፒውተር ይዘሃል አሉ። ማነው የተጣላሽ?»

ነገረቻቸው። እማማ ሙሉእመቤት እጃቸው ከቡናው ሳይነሳ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ዕድሜ ወረቀት ላይ ምን ይሠራል?» አሉ። «ፎቶውን አሳየኝ። አንድ አንድ እያልሽ።»

አሳየቻቸው። እያንዳንዱ ፊት ሲመጣ በአንድ ነገር ያስሩታል። «ይሄ በንጉሡ ጊዜ፣ ሚጪሌ ላይ ጦርነት ሲሆን ሕፃን ነው። ይሄ ከእሱ አንድ እሸት በኋላ ነው፤ እናቶቻቸው አንድ ቀን ገበያ ሲሄዱ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር። ይቺ መሬት ለአራሹ የተባለ ጊዜ። ይሄ ከዚች በፊት ነው፤ ይዋሻል፣ ጥርሱን ግን ተመልከት። ይሄ መንደር ተሰብሰቡ የተባለ ጊዜ፣ ቤት ሲፈርስ ደጅ ላይ ተወለደ።» ሌሎቹ ሴቶችም ከየአልጋቸው ገቡበት። «ኧረ ከእኔ በፊት ነው! የእሱን ቂጣ ሰርቄ ነው ያደግሁት!» «አንቺ ውሸታም፣ አንቺ ያን ጊዜ የት ነበርሽ? ማህፀን!» ሳቅ ሆነ። ማንም በቁጥር አልተናገረም። ሁሉም የሚታወቀው በሌላው ነው፤ ከእሱ በኋላ፣ ከእሷ በፊት፣ ከእነሱ ጋር አብሮ የተገረዘ፣ ከእነ እገሌ ጋር አብራ የተዳረች። አትጠገብ መካከላቸው ቆማ ትጽፋለች። ቡና ሲለቀም እንደሚደረገው ፊቶቹን ወዲያና ወዲህ ታደርጋለች።

ቁጥሩን የሰጠችው አስተማሪዋ ባላት መንገድ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አትበሉ፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ በሉ፤ ነገ አዲስ ሰው ቢመጣ መሃል ቦታ ያገኛል ብሎ ነበር። ጋሽ ገሪማ አሥር ሆኑ። ሙሉዓለም ስድስት መቶ ሠላሳ ሆነ።

«እርስዎስ እማማ?» አለች መጨረሻ ላይ። «ከማን በኋላ ነዎት?»

«እኔን ተወኝ። ከወንዶቹ ሽማግሌ በኋላ አድርጊ።»

«ከጋሽ ገሪማ በስንት ያንሳሉ?»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን አፈነች። እማማ ሙሉእመቤት አንድ የተሰበረች ቡና አንስተው ጣሉ።

«ሚጪሌ ጊዜ ሰው ሲሸሽ፣ የገሪማ እናት ሕፃኑን ወንድሙን አዘለች። ገሪማ አምስት ዓመት ነው፣ ከባድ ነው። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ እኔ አዘልኩ። ያንን ተራራ ሙሉ። ጀርባዬ ላይ ሸናብኝ።»

አሁን ሳቁ አልታፈነም።

«ታዲያ እርስዎ ይበልጣሉ እኮ!»

«እበልጣለሁ። ግን ገሪማ ኩሩ ነው። ሶንጎ የወንድ ነው። ተወው፤ ሰላም ይሻላል።»

አትጠገብ ሳጥናቸው ውስጥ 120 ብላ ጻፈች። እማማ ሙሉእመቤት የላፕቶፑን ብርሃን ትክ ብለው ካዩ በኋላ ቀና አሉ።

«አንቺስ? አንተስ ከማን በኋላ ነሽ?»

«እኔ አባል አይደለሁም፣ እማማ። ቢሮ ነው የምሠራው።»

«አባል መች አልኩ? ከማን በኋላ ተወለድሽ?»

አፏን ከፈተች። ዲላ፣ እናቷ ትሠራበት የነበረው ጤና ጣቢያ፣ ደርግ የወደቀ ክረምት። ከማን በኋላ? ከእህቷ በኋላ፤ እህቷ ግን ሀዋሳ ናት። አብሮ አደጎቿ አዲስ አበባ፣ ዱባይ፣ የት እንደሆነ የማይታወቅ። በዚያ ክረምት ማን ተወለደ፣ ማን ቀደማት፣ የሚያስታውስ ሰው ዲላ ውስጥ አልቀረም።

«ደርግ የወደቀ ክረምት ነው» ብቻ አለች።

«እ፣ ታዲያ ከእኛ ልጅ ከደግነት በኋላ ነሻ። ደግነት በዚያ በጋ ነው። ሮሆቦት ደግሞ በዓመቱ።» ለእሳቸው ይህ የተሰበረ ቡና እንደማንሳት ቀላል ነገር ነበር። ወዲያው ወደ አልጋቸው ተመለሱ።

«ፎቶ ያንሱኝ እማማ» አለች ድንገት፣ ስልኳን እየሰጠቻቸው። ለምን እንደጠየቀች ራሷም አላወቀችም። ያነሷት ፎቶ ላይ ግማሹ የእማማ ሙሉእመቤት አውራ ጣት ነበር።

ኔትወርክ የሚገኘው ከማጠቢያ ገንዳው ጀርባ ባለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አትጠገብ ድንጋዩ ላይ ወጣች። ከበላይዋ ዛፉ ሥር ሽማግሌዎቹ እየመጡ በዕድሜያቸው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ። አቶ ዘነበም በማህበሩ መኪና ደርሶ ፊቱን በመሀረብ እየጠረገ ነው።

ዝርዝሩን አየችው። ሁሉ ነገር ልክ ነበር፤ ከአንድ በቀር። ያዘለችው ከታዘለው በታች ሆናለች፤ አሥራ አንድ ሰው ከፊቷ ቆሞባታል። ማንም አይናገርም። ሴቶቹም ስቀው ዝም ይላሉ። ሰላም ይሆናል፣ እሸቱም ይመጣል።

«አለቀ?» አለ አቶ ዘነበ ከታች።

አለቀ ልትል ነበር። 120 የሚለውን አጠፋችና 5 ብላ ጻፈች። አትም የሚለውን ተጫነች።

ሙሉዓለም ድንጋዩ ጋ ገጹን በስልኩ ከፍቶ ለጋሽ ገሪማ ይዞላቸው ወጣ። ሽማግሌው ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። ረጅም ጊዜ አዩት። በዚያ ጊዜ ውስጥ አቶ ዘነበ አጠገቧ መጥቶ፣ በራሱ ስልክ ገጹን ከፍቶ፣ አይቶ፣ አመድ መስሏል።

«ሴት?» አለ በሹክሹክታ። «ከገሪማ በላይ ሴት? ገደልሽኝ እኮ! ምን አስበሽ ነው?»

«ትልቅ ናቸው።»

«ትልቅ ናቸው! ከማሉዲንም ትልቅ መኪና ነው ያለው!»

ጋሽ ገሪማ ከመቀመጫቸው ተነሱ። አትጠገብና አቶ ዘነበም ወደ ዛፉ ወጡ። ወደ ቁልቁለቱ ጫፍ ወጡና ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ማድረቂያ አልጋዎቹ በጌዴኦኛ ጮኹ። ከታች የእማማ ሙሉእመቤት ቀጭን ድምፅ መለሰ። አልጋው ዙሪያ ያሉት ሴቶች ወገባቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቁ ዛፉ ሥር ደረሰ፤ ሽማግሌዎቹም በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ።

«ምን አሉ?» አለች አትጠገብ።

ሙሉዓለም ከራስ ቁሩ ነፃ የወጣ ፊቱን አዞረላት። «እሳቸው ‹ዛሬም ከፊቴ ሆነሽ ጀርባሽን ታሳዪኛለሽ?› አሏቸው። እማማ ደግሞ ‹ዛሬስ በእግርህ ሂድ፤ ወገቤን ያመኛል› አሉ።»

ጋሽ ገሪማ ወደ አቶ ዘነበ ዞሩ። «እሸቱ ነገ ይመጣል» አሉት፣ ሌላ ነገር እንዳልነበረ ሁሉ። ከዚያ አትጠገብን አዩ። አላመሰገኗትም፣ አልወቀሷትም።

«ልጄ፣ ምሳ በላሽ?»

«አልበላሁም፣ ጋሼ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ?» ተቆጡ። ከዚያ ስልኩን በጣታቸው እየጠቆሙ «ይህቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ፈረንጅስ የማን ናት? ማዳመጫ የደፋችው። ከእሑድ ጀምሮ እንጠያየቃለን፤ የሚያውቃት ጠፋ። ዘመድ የላትም?»

«የላትም» አለች አትጠገብ።

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለች?»

አትጠገብ ላፕቶፑን ከደነችው።

ሶንጎው ወደ ሌላ ጉዳይ ሄደ፤ የድንበር ነገር ነበር፣ እሷን አይመለከትም። ጋሽ ገሪማ የላኩላትን ቆጮ ከመኪናው አጠገብ ቆማ በላች። ሙሉዓለም ወደ ቤቱ ሄደ። ሴቶቹ አልጋዎቹን ሸራ ማልበስ ጀመሩ፤ በየሁለቱ እየተጠራሩ ሸራውን ወዲያና ወዲህ ይዘው ይጎትቱታል። አቶ ዘነበ ሞተሩን አስነስቶ ጥሩምባ ነፋ።

«ግቢ እንጂ! ዲላ ሳይመሽ እንድረስ!»

ዲላ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም፤ የፕላስቲክ አበባና «ሰላም ጓደኞቼ» ካልሆነ በቀር።

«አንድ ደቂቃ» አለችና ላፕቶፑን ይዛ ድንጋዩ ላይ ተመልሳ ወጣች።

የሊንዳን ገጽ ከፈተች። ለመጨረሻ ጊዜ ጥርሷን አየችላት። ስሟን አጠፋችና በቦታው አትጠገብ ብላ ጻፈች፤ የአባቷን ስም ጨመረች፣ የእናቷንም ጨመረች፣ ማንም የእናት ስም እንደማይጽፍ እያወቀች። ፎቶውን ለወጠችው፤ ግማሽ እሷ፣ ግማሽ አውራ ጣት። የመጨረሻው ሳጥን «ተራ» ነበር።

ደግነት 550 ነው። ሮሆቦት 560 ናት።

ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። «አትጠገብ! አሁን ደግሞ ምን እየሠራሽ ነው?»

555 ብላ ጻፈች።

«ተራ እየያዝኩ ነው!» ብላ ጮኸችለትና አትም የሚለውን ተጫነች።